ኦፕን ሪፋይን፦ ዳታቸው አልግባባ ላላቸው (ነጻ ነው፣ ጳጉሜን ግን አያውቅም)

ከተለያየ ቢሮ የመጣ ሊስት አንድ ላይ አርጋችሁ አስረክቡ ተብላችሁ የምታውቁ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። አንዱ ኤክሴል ይልካል፣ ሌላው በእጅ የተሞላ ፎርም አስተይቦ ይልካል፣ ሶስተኛው ከሆነ ሲስተም ኤክስፖርት አድርጎ የኮለሙን ስም በምህጻረ ቃል ሞልቶት ይመጣል፣ ከዛ አለቃ ይመጣና "ሁሉም እኮ አንድ ነገር ነው፣ ደምሩት በቃ" ይላል። አንድ ነገር ቢሆን ኖሮማ ማን ይጠላ ነበር። እኔ ለዚህ ስራ ኦፕን ሪፋይን የሚባለውን ሶፍትዌር ስጠቀም ቆይቻለሁ፣ በአማርኛ ዳታ ላይ ምን እንደሚያደርግ በደንብ የጻፈ ሰው ስላላገኘሁ ጥሩውንም መጥፎውንም ልንገራችሁ። ኤአይ ስለመጣ እንዲህ አይነት ቱል ከዚህ በኋላ አያስፈልግም የሚሉም በዝተዋል፣ እሱንም ወደታች እነካካዋለሁ።

ውጤቱን ከፈለጋችሁ፦ በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ዳታ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል፣ ለአማርኛ ዳታ እንደመጣ ከተጠቀማችሁት 3፣ ሴቲንጉን ካስተካከላችሁት 4። ብር አይጠይቅም።

ስለ ታሪኩ ባጭሩ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ፣ ይሄ ራሱ ችግር መሆኑን ታዩታላችሁ)። ሜታዌብ የሚባል ካምፓኒ ፍሪቤዝ ለሚባለው ዳታቤዙ ማጽጃ እንዲሆን የሰራው ነው፣ ያኔ ፍሪቤዝ ግሪድወርክስ ይባል ነበር። 2010 ላይ ጉግል ካምፓኒውን ገዛውና ስሙ ጉግል ሪፋይን ሆነ፣ 2012 ላይ ጉግል እጁን ሲያነሳ በጎ ፈቃደኞች ተረክበውት ኦፕን ሪፋይን ተባለ። ፍሪቤዝ ራሱ 2016 ላይ ተዘግቷል፣ ማጽጃው ግን እስካሁን አለ። የሚከፈተው በብራውዘር ነው ግን ኢንተርኔት ላይ አይደለም፣ አድራሻው 127.0.0.1:3333 ነው፣ ማለትም የራሳችሁ ኮምፒውተር። መብራት ካለ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሰራል፣ የሰው ስም ያለበት ፋይል ለያዘ ሰው ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ የምትወዱለት ነገር ፋሴት ነው። የክልል ኮለም ላይ ቴክስት ፋሴት ስትሉት በጎን በኩል ያለውን አይነት ሁሉ ከነብዛቱ ይዘረዝርላችኋል፦ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ (መጨረሻው ላይ ስፔስ ያለው፣ በአይን የማይታይ)፣ አ.አ፣ አ/አ፣ አዲሳባ፣ በላቲን የተጻፈው፣ በላቲን ደግሞ ተሳስቶ የተጻፈው። አንዱን ነክታችሁ ኤዲት ስታረጉት በሺህ መስመር ላይ ያለው በአንዴ ይቀየራል። ኤክሴል ላይ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ስትደክሙ የኖራችሁ ሰዎች ለዚህ ብቻ ብላችሁ አውርዱት።

ክላስተር የሚለው ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፣ የሚበላሸውም። ፊንገርፕሪንት የሚባለው ዘዴ ጽሁፉን ይወስድና ዳርና ዳሩን ስፔስ ይቆርጣል፣ ነጥብና ስላሽ ምናምን ያጠፋል፣ ቃላቱን በፊደል ተራ ይደረድራል፣ የተደገመ ካለ አንዱን ይጥላል፣ ከዛ የተረፈው አንድ አይነት የሆኑትን በአንድ ቡድን ያመጣላችኋል። ስለዚህ አ.አ እና አ/አ ሁለቱም አአ ስለሚሆኑ ይገናኛሉ፣ አዲስ አበባ ግን ከነሱ ጋር አይገናኝም፣ እሱን እናንተ በእጅ ታገናኙታላችሁ። እስከዚህ ምንም አይልም።

ከዛ ፊደላችን ይመጣል። ኃይለሥላሴ፣ ሃይለስላሴ፣ ሀይለሥላሴ፣ ኀይለ ሥላሴ። ለኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ እና ኀ ዩኒኮድ ላይ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሶስት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው፣ ሰ እና ሠ እንደዛው፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሁሉም እንደዛው። ሜታፎን 3 የሚባል በድምጽ የሚያመሳስል ዘዴ አለው ግን ያ ለእንግሊዝኛ አነባበብ የተሰራ ነው፣ የመቀሌንና የደሴን የላቲን አጻጻፍ (አንዱ በሁለት ኤል፣ አንዱ በአንድ፣ አንዱ በሁለት ኤስ) ለማገናኘት አሪፍ ነው፣ ለግዕዝ ፊደል ግን ምንም አይጠቅም። መፍትሄው ግሬል በሚባለው የፎርሙላ ቋንቋው ረዳት ኮለም መስራት ነው፣ ሪፕሌስ ደጋግማችሁ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሃንም ወደ ሀ፣ ሁሉንም ከነዘራቸው፣ ከሐ እስከ ሖ ከሠ እስከ ሦ ታስለውጡታላችሁ፣ አንዴ ከጻፋችሁት ለዘላለም ነው። ዋናውን ኮለም ግን እንዳትነኩት፣ ሰውየው መታወቂያው ላይ በንጉሡ ሠ ከሆነ የተጻፈው እኛ የመቀየር መብት የለንም።

አሁን የምጽፈው በጣም አስፈላጊው ይመስለኛል። ፊንገርፕሪንት ቃላቱን በፊደል ተራ ይደረድራል አልኩ አይደል። ለምን ይደረድራል ብትሉ ፈረንጆቹ ጋር አንድን ሰው አንዱ ሊስት የቤተሰብ ስሙን አስቀድሞ ሌላው አስከትሎ ስለሚጽፈው ነው፣ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ማጥፋት ልክ ነው። ወደኛ ስታመጡት አበበ ከበደ እና ከበደ አበበ አንድ ሰው ሆነው ይመጣሉ። እነዚህ'ኮ ሁለት ሰው ናቸው፣ አልፎ ተርፎም ልጅ በአያቱ ስም ሲጠራ አባትና ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ያውም በአንድ ቀበሌ በአንድ ቤት ቁጥር። ሴሌክት ኦል ብሎ መርጅ የሚል ሰው አባትየውን ከሊስት ያጠፋዋል፣ ሶፍትዌሩም ኤረር አይልም፣ እንደውም ጎሽ ዱፕሊኬት አገኘህ ነው የሚመስለው ነገሩ። ሰዎች አልጎሪዝም ሲባል ትርጉም የሌለው ንጹህ ሂሳብ ይመስላቸዋል፣ እዚህ ጋ ግን ስም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድ አገር የሚያውቀው ነገር ኮዱ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው።

ማምለጫው ቀላል ነው፦ ረዳት ኮለሙ ላይ ስፔሱን በሙሉ አጥፉት። አበበከበደ እና ከበደአበበ ከሆኑ የሚደረደር ቃል ስለሌለ አይገናኙም። በዛውም ገብረ ማርያም እና ገብረማርያም ይገናኙላችኋል፣ ገ/ማርያም ግን አይገናኝም፣ ስላሹ ሲጠፋ ገማርያም ነው የሚሆነው፣ ለሱ ገ/ን ወደ ገብረ፣ ወ/ን ወደ ወልደ፣ ኃ/ን ወደ ኃይለ የሚቀይር መስመር ጨምሩ (ወ/ሮ እና ወ/ሪት ስም ውስጥ ከገቡ መጀመሪያ እነሱን አውጡ፣ አለበለዚያ ወልደሮ የሚባል ሰው ይወለዳል)። በአዲሶቹ ቨርዥኖች የራሳችሁን የክላስተር ፎርሙላ እዛው መጻፍ ይቻላል፣ ስለዚህ ረዳት ኮለምም ላያስፈልግ ይችላል።

ኒረስት ኔበር የሚለውን የክላስተር ዘዴ በሌቨንሽታይን (ሁለት ጽሁፍ በስንት ፊደል እንደሚለያይ የሚቆጥር ነው) የምትሞክሩ ደግሞ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ ብሎክ የሚለው ቁጥር ሲመጣ 6 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ቢያንስ 6 ተከታታይ ፊደል የሚጋሩትን ነው የሚያወዳድረው ማለት ነው፣ የኛ ስም ደግሞ በግዕዝ ሲጻፍ ሶስት አራት ፊደል ነው፣ ወደ 3 አውርዱት። ሁለተኛ፣ በኛ ፊደል አንድ ፊደል ማለት አንድ ሙሉ ድምጽ ከነአናባቢው ስለሆነ የአንድ ፊደል ልዩነት ብዙ ነው። ታደሰና ታደለ በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት። አበበና አበራም እንደዛው። ላቲን ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት ብዙ ጊዜ የታይፕ ስህተት ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። እኔ ለሰው ስም አልጠቀምበትም፣ ለቀበሌና ለድርጅት ስም ግን ደህና ነው።

ቀን። ኧረ ቀን። እስቲ ይሄን እዩት፦ 05/13/2011። ይሄ ጳጉሜን 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ሆኖ የተጻፈ ነው እንበል፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2019 ማለት ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ግን ሜይ 13 ቀን 2011 ብሎ ያነበዋል፣ ከስምንት ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል፣ ቀኑ ደግሞ ትክክለኛ ቀን ስለሆነ ማንም አይነቃም። በተቃራኒው 30/02/2012 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ብትጽፉ ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አልቀበልም ይላል፣ ቴክስት ሆኖ ይቀራል። እኔ ይሄ ሁለተኛው ነው የሚሻለኝ፣ ቢያንስ እንቢ አለ፣ የመጀመሪያው ግን ዝም ብሎ ነው የሚዋሸው። ኦፕን ሪፋይን የኛን ካላንደር አያውቅም፣ ቀን የሚያደርገው ፋንክሽን በፈረንጅ ብቻ ነው። ጃይተን ስላለው (የፓይተን ዘመድ ነው) የመቀየሪያ ኮድ ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ኮድ የማይጽፍ ሰው ግን እዚህ ጋ ይቆማል። ማድረግ ይከብዳል እንዳይባል ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ ሲስተም የኢትዮጵያ ካላንደርን እንደ ሴቲንግ ይሰጣል።

ካላንደሩን ብትቀይሩትም ደግሞ አላለቀም። 2016 በጀት ዓመት የሚለው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው የሚያልቀው፣ በፈረንጅ ጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024። የውጭ ድርጅት 2024 አንደኛ ሩብ ዓመት ሲል ጃንዋሪ እስከ ማርች ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ የኛ ቢሮ አንደኛ ሩብ ዓመት ሲል ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንን ጨምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ሁለቱም ኮለሙ ላይ የጻፉት "ሩብ ዓመት 1" ነው። ሰዓቱም አለ፣ 2:30 ገባ የተባለ በሽተኛ ጠዋት ነው ሌሊት? ሌላ አስቂኝ ደግሞ አለ፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁን በአማርኛ 1284/2015 ብለን ነው የምንጠራው በእንግሊዝኛው 1284/2023 ነው፣ አንድ አዋጅ ሆኖ ዳታቤዝ ላይ ሁለት ሕግ ሆኖ ይገባል።

ሪኮንሲል የሚለው ፊቸር ወደ ትርጉም የሚጠጋው ነው። ኮለሙን ወስዶ ከዊኪዳታ (የዊኪፒዲያ እህት የሆነ ነጻ ዳታቤዝ) ጋር ያስተያየዋል፣ እያንዳንዱ ጽሁፍ የቱን ነገር እንደሚያመለክት እጩ ከነውጤቱ ያቀርባል፣ ስትስማሙ መለያ ቁጥሩን ይይዛል፣ አዲስ አበባ ለምሳሌ ኪው3604 ነው። ከዛ በኋላ በምንም ቋንቋ ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ኮኦርዲኔቱንም ምናምኑንም ከዛው መሳብ ይቻላል። ናዝሬትን ግን ስትሰጡት እስራኤል ያለችው ናዝሬትም እጩ ሆና ልትመጣ ትችላለች፣ ደብረ ዘይትም እንደዛው ኢየሩሳሌም ያለው ተራራ አለ። አይነቱን በኢትዮጵያ ያለ ከተማ ብላችሁ ከገደባችሁት ይስተካከላል። ለትልልቅ ከተማ ጥሩ ነው፣ ወደ ወረዳና ቀበሌ ስትወርዱ የአማርኛ ስም የሌላቸው ወይም ጭራሽ ያልገቡ ቦታዎች ስላሉ በአንድ ክሊክ ያልቃል ብላችሁ አትጠብቁ። ለአስተዳደር ቦታ የተመድ ፒ-ኮድ የሚባለው የቦታ መለያ ኮድ ይሻላል (ኢቲ14 አዲስ አበባ፣ ኢቲ03 አማራ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል)፣ የፒ-ኮዱን ሊስት እንደ ሁለተኛ ፕሮጀክት ከፍታችሁ ክሮስ በሚባለው ፋንክሽን ማገናኘት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዊኪዳታ ሪኮንሲል ስታደርጉ ጽሁፉ ከኮምፒውተራችሁ ይወጣል፣ ስለዚህ የቦታ ስም እሺ፣ የሰው ስም በፍጹም።

ቁጥር አገኘሁ ብላችሁ ደግሞ እንዳታርፉ። "ደቡብ" የሚለውን እንውሰድ። 2019 ላይ በተሰበሰበ ዳታ ደቡብ ማለት ሲዳማንም ወላይታንም ጉራጌንም ከፋንም የያዘው ትልቁ ክልል ነው። 2020 ላይ ሲዳማ ወጣ፣ 2021 ላይ ደቡብ ምዕራብ ወጣ፣ 2023 ላይ የቀረው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ እና ደቡብ ኢትዮጵያ ሆነ። አሁን የ2019ኙን ደቡብ እና የ2024ቱን ደቡብ ኢትዮጵያ አንድ አድርግልኝ ብትሉት በደስታ ያደርጋል፣ ግራፍ ስትሰሩ የሕዝቡ ቁጥር በአንዴ ተንዶ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥም አለ፣ ለሚ ኩራ 2020 ላይ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲወጣ የድሮው ቦሌ እና የአሁኑ ቦሌ አንድ መሬት መሆናቸው ቀረ። ፊደሉ አልተቀየረም፣ ስፔሊንጉ አልተሳሳተም፣ የሚጸዳ ቆሻሻ የለም፣ ትርጉሙ ነው የተንቀሳቀሰው። እንዲህ አይነቱን ሶፍትዌሩ ሊያየው የሚችልበት መንገድ የለም፣ ምክንያቱም መረጃው ፋይሉ ውስጥ የለም።

የኮለም ትርጉምማ ከዚህም ይብሳል። ተጠቃሚ 1200 ይላል፣ አባወራ ነው ሰው ነው? አንዱ ክሊኒክ "ታካሚ" ሲል ሰው ይቆጥራል ሌላው ምልልስ ይቆጥራል፣ አንድ ሰው አራቴ ከመጣ አራት ታካሚ ነው። ገቢ የወር ነው የዓመት ነው፣ ግብር ሳይቆረጥ ነው ተቆርጦ ነው። ምርት በኩንታል ከሆነ 100 ኪሎ ነው እንበል፣ በኬሻ የተቆጠረ ሲሆንስ? መሬት በጥማድ የተጻፈ ከሆነ ጥማድ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በአንድ ቁጥር አባዝቶ ሄክታር ማድረግ ግምት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። የቤተሰብ ስም የሚል ኮለም ላይ ደግሞ የውጭ ድርጅት ፎርም ላስት ኔም ብሎ ስለሚጠይቅ የአባት ወይም የአያት ስም ይገባበታል፣ ከዛ አንድ ጎበዝ ተነስቶ ላስት ኔም አንድ የሆነውን አንድ ቤተሰብ ብሎ ሲያገናኝ ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ የከበደ ልጅ የሆነ የሰፈር ሰው ሁሉ ወንድም ይሆናል።

ወደ መጪው ጊዜ ልለፍ። ይሄን ነገር ማሽን ይፈታዋል የሚለው ተስፋ አዲስ አይደለም። 2001 ላይ የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ ሴማንቲክ ዌብ ሲጽፍ ማሽኖች የዳታን ትርጉም ተረድተው ራሳቸው እየተነጋገሩ ቀጠሮ ሁሉ ይይዙልናል ነበር ያለው። ስታንዳርዶቹ ወጡ፣ አርዲኤፍ ቀድሞ ነበረ፣ ኦውል 2004 ላይ መጣ፣ ስኮስ (በቃላትና በምድቦች መሃል ያለ ዝምድና የሚገለጽበት) 2009 ላይ መጣ፣ ሰው ግን ኤክሴሉን ይዞ ቀረ። የሰራው የቱ ነው ካላችሁ ሰዎች ቁጭ ብለው የተስማሙበት ነው። 2011 ላይ እነ ጉግል፣ ቢንግና ያሁ በጋራ ያወጡት ስኪማ ዶት ኦርግ (ዌብሳይት ላይ ያለ ዳታ የሚገለጽበት የጋራ ቃላት) ሰራ፣ 2012 የተጀመረው ዊኪዳታ ሰራ፣ ሕክምናው ላይ ላቦራቶሪው ሎይንክ፣ ምርመራው ስኖሜድ ሲቲ፣ መለዋወጫው ፋየር እያለ ኮድ ላይ የተስማማው ሰራ። ፋይዳም በዚህ በኩል ብዙ ነገር ያቀላል፣ 12 ዲጂት ቁጥር በሁሉም ሊስት ላይ ካለ ኃይለሥላሴ በየትኛው ሀ ይጻፍ የሚለው ጣጣ ይቀራል። ግን ፋይዳ ሰውየው ያው ሰውዬ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ፣ ገቢ ተብሎ የተጻፈው የወር ይሁን የዓመት አይነግራችሁም።

ኤአይ ምን ቀየረ? በሀቀኝነት ብዙ ቀይሯል። የፈጠራ ዳታ ሰርቼ ለአንዱ ሰጥቼው (የቱ እንደሆነ ይቅር) ናዝሬት እና አዳማ አንድ መሆናቸውን ነገረኝ፣ አበበና አበራን እንዳላገናኝ ነገረኝ፣ የ13ኛው ወር ላይም "ይሄ የኢትዮጵያ ካላንደር ሊሆን ይችላል" ብሎ ጠየቀኝ። ይሄ ፊንገርፕሪንት በሕልሙም የማያውቀው ነገር ነው። ግን ያንኑ ሊስት እንደገና ስሰጠው ሌላ መልስ ይሰጣል፣ ቀን ቀይርልኝ ሲባል ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በአንድ ቀን ይስታል፣ ደቡብን ደግሞ ሳይጠይቅ ደቡብ ኢትዮጵያ ብሎ አረፈው። የሚያስፈራኝ መሳሳቱ ሳይሆን ትክክሉንም ስህተቱንም በዛው በራስ መተማመን መናገሩ ነው። የሰው ዳታ እዛ መለጠፍም ሌላ ጉዳይ ነው፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ፣ "ለማጽዳት ብዬ ነው" የሚል ምክንያት የሚያድናችሁ አይመስለኝም።

እኔ አሁን የምሰራበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ለኤአዩ የኮለም ስሞቹንና የፈጠራ ምሳሌ ብቻ እሰጠዋለሁ፣ የግሬል ፎርሙላውን ወይም የማገናኛ ሰንጠረዡን ያረቅልኛል፣ አንብቤ አስተካክዬ ኦፕን ሪፋይን ላይ እኔ አስኬደዋለሁ። ሀሳብ ማመንጨት ርካሽ ሆኗል፣ የሚወደደው ማጽደቁ ነው። ለዛ ነው ይሄ ቱል ይቀራል የሚሉት የማይዋጥልኝ። ከሁሉ ፊቸሩ በላይ የምወድለት ያ በግራ በኩል ያለው «አንዱ/ሪዱ» (Undo/Redo) የሚለው ታብ ነው፣ የሰራችሁትን እያንዳንዱን እርምጃ ይይዛል፣ ወደፈለጋችሁበት መመለስ ትችላላችሁ፣ እርምጃዎቹን በጄሶን (JSON፣ የጽሁፍ ፋይል አይነት ነው) አውጥታችሁ በሚቀጥለው ወር በሚመጣው ፋይል ላይ በአንዴ ታስኬዱታላችሁ፣ ወይም ለሌላ ቢሮ ትልኩታላችሁ እሱም ምን እንዳደረጋችሁ መስመር በመስመር ያያል። (አንድ ሴል ብቻ በእጅ የቀየራችሁት ግን ከጄሶኑ ጋር አይወጣም፣ ስለዚህ በፋሴት ወይም በፎርሙላ ቀይሩ።)

የሚጎድለውም እዛው ጋ ነው። የሰራሁትን ይመዘግባል፣ ለምን እንደሰራሁት የምጽፍበት ቦታ የለውም። ናዝሬትን ወደ አዳማ የቀየርኩት ስም ስለተቀየረ ነው፣ የ2019ኙን ደቡብ ወደ አራት ክልል የከፈልኩት በዞን እያየሁ ነው፣ ጥማዱን በሩብ ሄክታር ያባዛሁት ግምት ስለሆነ ነው፣ ሦስቱም ታሪኩ ላይ ሲታዩ ያው ኤዲት ናቸው። ስኮስ ላይ እኮ ይሄ ነገር ቀድሞ ታስቦበታል፣ ሁለት ነገር ፍጹም አንድ ነው፣ ተቀራራቢ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ይሰፋል ብሎ መለየት ይቻላል። መርጅ የሚለው በተን ግን አንድ አይነት ብቻ ነው የሚያውቀው። መጪው ጊዜ ላይ ገንዘብ አስይዝ ብባል የማስይዘው እዚህ ነው፣ ኤአይ እጩውን ከነምክንያቱ ያቀርባል፣ ሰው ፍጹም አንድ ወይስ ተቀራራቢ ብሎ ይፈርምበታል፣ ፊርማው ከዳታው ጋር አብሮ ይጓዛል። ሙሉ በሙሉ ራሱ ያስታርቃል የሚለውን ግን የ2001ዱንም ሰምተነዋል፣ የጎደለው መረጃ ፋይሉ ውስጥ እስከሌለ ድረስ የትኛውም ሞዴል ከየት ያመጣዋል፣ ፎርሙን የሞላችውን ልጅ ደውሎ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች ጉድለቶች ቶሎ ቶሎ፦ ሚሞሪ ይበላል፣ ሲመጣ የተሰጠው ትንሽ ስለሆነ ፋይሉ ከበድ ካለ ሴቲንግ ፋይሉ ላይ ማሳደግ አለባችሁ፣ ሚሊዮን መስመር ካላችሁ ደግሞ ፓይተን ተማሩ። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አብሮ የሚሰራበት ነገር አይደለም፣ ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርጎ መላላክ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ እኔ ግድ የለኝም። ዶኩመንቴሽኑ በእንግሊዝኛ ጥሩ ነው።

ለማን ይሆናል? ለኤም ኤንድ ኢ (ክትትልና ግምገማ) ሰራተኛ፣ ለጤና መረጃ ባለሙያ፣ ለላይብረሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ የእድር ወይም የማህበር ሊስት ለሚይዝ ሰውም ጭምር፣ ዲሲ ወይም ፍራንክፈርት ሆናችሁ የኮሚዩኒቲ ሊስት ግማሹ በላቲን ግማሹ በአማርኛ የሆነባችሁ ደግሞ በተለይ። ቁጥር ብቻ ለሚሰራ አካውንታንት ብዙም አይጠቅም።

ስታወርዱ ለዊንዶውስ ጃቫው አብሮ ያለበትን ምረጡ፣ አለበለዚያ ጃቫ ፍለጋ ስትዞሩ ትውላላችሁ። ሲከፈት አብሮት የሚመጣውን ጥቁር መስኮት እንዳትዘጉት፣ ፕሮግራሙ እሱ ነው፣ ብራውዘሩ ግን ቢዘጋ ችግር የለም፣ አድራሻውን መልሳችሁ ብትጽፉት ስራችሁ እዛው ይጠብቃችኋል። የሀ ሐ ኀ ፎርሙላውን የሚፈልግ ካለ ኮመንት ላይ ይጠይቀኝ፣ እለጥፍለታለሁ።